ሁለት ጠብታና ግማሽ እውነት



ከኢትዮጵያ ጎዳና ወደ ስትራውስ ጎዳና የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። እዚያ፣ ናታን ስትራውስ የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ በሰጠው ገንዘብ ተሠርቶ በ1929 የተከፈተ የጤና ማእከል ሕንፃ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልጆቻችንን ለማስመዘንና ለማስከተብ የምንሄድበት ጢፓት ሐላቭ በኢየሩሳሌም የተጀመረው ከመቶ ዓመት በፊት፣ የሃዳሳ ድርጅት ነርሶች ለድሃ እናቶች ንጹሕ ወተት በሚያድሉበት ዘመን ነው። ስሙም «የወተት ጠብታ» ማለት ነው። ይህች ከተማ እንግዲህ የሕፃናትን ጤና በመጠበቅ ረገድ የቆየ ታሪክ አላት።

ይሁን እንጂ በማርች 2022 በዚህችው ኢየሩሳሌም ወደ አራት ዓመት የሚጠጋት፣ የፖሊዮ ክትባት ጨርሶ ያልተሰጣት አንዲት ሕፃን በበሽታው ተይዛ ሽባነት እንደ ደረሰባት ተረጋገጠ። ከ1988 ወዲህ በእስራኤል እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም ነበር። በአካባቢዋ ካሉ ልጆች መካከልም ምንም ሳያማቸው ቫይረሱን በሆዳቸው የተሸከሙ ተገኙ። በዚያን ሰሞን ከየአቅጣጫው የሚሰማው ጥያቄ «ወላጆች ለምን አያስከትቡም?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ አብሮት ሊጠየቅ የሚገባውን ሌላውን ጥያቄ ለማንሣት እወዳለሁ። ለመሆኑ ወላጆች ስለ ክትባት የሚነገራቸው ነገር ምን ይመስላል? ምን ይላል? ምንስ ይተዋል?

መጽሐፍና ቲያትር ይተቻል። በየክሊኒኩ ግድግዳ የሚለጠፈውና በቴሌቪዥን የሚነገረው የጤና መልእክት ግን ማንም ሳይመረምረው ያልፋል። እንደ እኔ እምነት ከሁሉ በፊት ሊመረመር የሚገባው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ስሕተቱ የሚወድቀው በሕፃን እግር ላይ ነው።

የመፈክሩ ታሪክ

በ2013 በሜይ ወር መጨረሻ በደቡብ እስራኤል፣ በበደዊኖች ከተማ በራሃትና በቤር ሸቫ አካባቢ፣ በፍሳሽ ውኃ ውስጥ የፖሊዮ ቫይረስ መገኘቱ ታወቀ። የታመመ ሰው አልነበረም። ነገሩ የታወቀው አገሪቱ የፍሳሽ ውኃዋን በየጊዜው ስለምትመረምር ነው። በኦገስት ወር የጤና ሚኒስቴር ከ2004 ወዲህ ለተወለዱ ልጆች በአፍ የሚሰጥ ጠብታ ማደል ጀመረ። ዘመቻው «ሽቴይ ጢፖት»፣ ማለትም «ሁለት ጠብታ» ተባለ። መፈክሩም ሁለት ጠብታ ብቻ ተወስዶ ቤተሰቡ ከፖሊዮ ይጠበቃል የሚል ነበር።

ሥራውን ማመስገን ይገባል። ከዘጠኝ መቶ ሺህ በላይ ልጆች ጠብታውን ወሰዱ። አንድም ልጅ ሽባ አልሆነም። መፈክሩም አጭር፣ በቀላሉ የሚያዝና ለጆሮ የሚጥም ነበር። ችግሩ ያለው ከማጠሩ ላይ ሳይሆን ከቆረጠው ነገር ላይ ነው።

ለምን ቢሉ፣ ከእነዚህ ልጆች የሚበዙት ቀድሞውንም ተከትበው ነበር። እናት ልጇን በሁለት ወሩ፣ በአራት ወሩ፣ በስድስት ወሩና በዓመቱ አስወግታ «ከፖሊዮ ተጠብቋል» ተብላለች። አሁን ደግሞ ያው መሥሪያ ቤት ልጇ እንዲጠበቅ ጠብታ እንድታስወስድ ይነግራታል። «እንግዲያው መርፌው አይሠራም ነበር ማለት ነው?» ብላ ብትጠይቅ ማን ይፈርድባታል?

መልሱ በጥቂት ቃላት ሊነገር የሚችል ነው። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ከሞተ ቫይረስ የተሠራ ነው። በደም ውስጥ መከላከያ ስለሚፈጥር ቫይረሱ ወደ ነርቭ ደርሶ ልጁን ሽባ እንዳያደርገው ያግዳል። ቫይረሱ በአንጀት ውስጥ ተራብቶ በዓይነ ምድር እንዳይወጣ ግን በሚገባ አይከለክልም። ስለዚህ የተከተበው ልጅ ራሱ ሳይታመም ላልተከተበ ልጅ ሊያስተላልፍ ይችላል። ጠብታው ደግሞ ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ የተሠራ ነው። አንጀት ራሱ መከላከያ እንዲያበጅ ስለሚያደርግ የመተላለፊያውን መንገድ ይዘጋል። እስራኤል ከ2005 እስከ 2013 ድረስ በመርፌው ብቻ ትጠቀም ስለነበር በእነዚያ ዓመታት የተወለዱ ልጆች ለራሳቸው የተጠበቁ፣ ቫይረሱን ለሌላ ከማሳለፍ ግን ያልተገቱ ነበሩ።

እንግዲህ በ2013 ከወላጆች የተጠየቀው እውነተኛ ነገር «ልጃችሁ ተጠብቋል፤ ጠብታውን የሚወስደው በይበልጥ ለጎረቤት ሕፃን ሲል ነው» የሚል ነበር። መፈክሩ ግን ይህን ትቶ «ቤተሰባችሁን» አለ። ሰው ለራሱ ካልሆነ አይነሣም ተብሎ የታሰበ ይመስላል። በደቦ ያረሰ፣ በእድር የተቀበረለት፣ አራስ ሲጠይቅና እህል ሲበደር ያደገ ሕዝብ «ለጎረቤት ልጅ» የሚለውን ቃል ያለ አስተርጓሚ ይረዳ ነበር። የመፈክሩ የመጀመሪያ ጉድለት ለሰው ያለውን ግምት ዝቅ ማድረጉ ነው።

ሳይነገር የቀረው

ሁለተኛው ጉድለት ከበድ ይላል። ጠብታው ሕያው ቫይረስ እንዳለበት በሚኒስቴሩ ማብራሪያዎች ውስጥ ተጽፏል፤ አልተደበቀም። ነገር ግን ሕዝብ ጆሮ የደረሰው መፈክሩ እንጂ ማብራሪያው አልነበረም። ወላጅም «ሕያው ቫይረስ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማው ከነርስ ሳይሆን ከተቃዋሚ ወይም ከጎረቤት ወሬ ከሆነ፣ የቀረው ነገር ሁሉ እንደ ተደበቀ ይቆጠራል።

ሙሉው እውነት የሚከተለው ነው። ጠብታው በራሱ ሽባነት ሊያመጣ የሚችልበት ጊዜ አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰጡ 2.7 ሚሊዮን ጠብታዎች ወደ አንድ የሚጠጋ ነው። በእስራኤል ጠብታው የሚሰጠው አስቀድሞ መርፌ ለተወጋ ልጅ ስለሆነ ይህ አደጋ እጅግ ጠቧል። በ2013 በቤታቸው የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ያለባቸው ልጆችም ጠብታውን እንዳይወስዱ ተደርጓል። ክትባት ያልወሰደ ሕፃን በፖሊዮ ቫይረስ ሲያዝ ግን ሽባ የመሆኑ ዕድል ከሁለት መቶ አንድ ያህል ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሳየት ምን ያስፈራል?

በ2022 ኢየሩሳሌም ውስጥ የታመመችው ሕፃን ጉዳይ ደግሞ ይህን ግልጽነት ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል። ያገኛት ቫይረስ ከክትባት የመነጨ ዓይነት ሦስት ነበር። የዱሩ ዓይነት ሦስት በ2019 ከዓለም መጥፋቱ ታውጆ ነበር። የተዳከመው የክትባት ቫይረስ ካልተከተበ ልጅ ወደ ሌላ ካልተከተበ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲዞር ይለወጥና ኃይሉን መልሶ ያገኛል። አሉባልታው ከዚህ ውስጥ ግማሹን ብቻ ያነሣና «በሽታው የመጣው ከክትባቱ ነው» ይላል። ሌላው ግማሽ ግን ቫይረሱ ሊዞር የቻለው ብዙ ልጆች ሳይከተቡ በመቅረታቸው መሆኑ ነው። ሁሉም ልጆች ተከትበው ቢሆን የሚዞርበት አያገኝም ነበር። መፈክሩ ግማሽ እውነት ሲናገር፣ አሉባልታው የቀረውን ግማሽ አነሣ። ባዶውን ቦታ የተወለት መፈክሩ ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ያው መፈክር በማን ጆሮ ውስጥ እንደሚወድቅ ማሰብ የጸሐፊው ግዴታ ነው።

በጃንዋሪ 1996 የቤተ እስራኤል ልጆች የለገሱት ደም ለዓመታት በምሥጢር ሲደፋ እንደ ኖረ ማዓሪቭ ጋዜጣ ገለጠ። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እዚሁ ኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለተቃውሞ ወጣ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ይጽሐቅ ናቮን የመሩት ኮሚሽንም ጉዳዩን እንዲመረምር ተሾመ። በዲሴምበር 2012 ደግሞ ዴፖ ፕሮቬራ ስለሚባለው የወሊድ መከላከያ መርፌ የኢትዮጵያ እናቶች ሲናገሩ በቴሌቪዥን ተሰማ። በጃንዋሪ 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ የመርፌውን ምንነት ሳይረዱ ለሚወስዱ ሴቶች ሐኪሞች ማዘዣውን እንዳያድሱ ለኩፓት ሆሊሞች ጻፉ። በ2016 የመንግሥት ተቆጣጣሪው ሴቶቹ ተገደው ለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ነገሩን በዚያ ያበቃ የሚቆጥሩ አሉ፤ የማይቆጥሩም አሉ። እናቶቹ ግን በሚገባቸው ቋንቋ በቂ ማብራሪያ እንዳልተሰጣቸው ተናግረዋል።

ዓመቱን ልብ በሉ። ስለ መርፌው የተጻፈው ደብዳቤ በጃንዋሪ 2013፣ «ሁለት ጠብታ» የተባለው ዘመቻ በኦገስት 2013፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ከአንድ ሚኒስቴር የወጡ ናቸው። በዲሴምበርም በዚያው ዓመት የክኔሴት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ በምክር ቤቱ ደም ለመለገስ ሄደው እንደ ሌላው ሰው ሳይቀበሏቸው ቀሩ። በዚህ መካከል ለምትኖር እናት «ሁለት ጠብታ ብቻ» የሚለው ቃል ከሌላው ጆሮ በተለየ ይሰማል። «ብቻ» የሚለው ቃል ራሱ ያስጠረጥራል። አበው «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም።

በሥራዬ ከማገኛቸው እናቶች ክትባትን አጥብቀው የሚቃወሙ እምብዛም አይደሉም። ከኢትዮጵያ በቅርቡ የመጡት ጠብታውን ያውቁታል። ባለሙያዋ የበረዶ ሣጥን አንግታ ከቤት ቤት ስትዞር፣ የልጁን ጣት በቀለም ስታጠቁር፣ በበሩ ላይ በጠመኔ ስትጽፍ አይተዋል። ብዙውን ጊዜ የሚጎድላቸው ጠይቀው መልስ የሚያገኙበት ሰው ነው። ነርሷ ትቸኩላለች፤ ልጁ ለእናቱ ያስተረጉማል፤ የስምንት ዓመት ልጅም ስለ አንጀትና ስለ ነርቭ ማስተርጎም አይችልም። እናት ራሷን ነቅንቃ ትወጣለች። ይህ «ተስማምታለች» ተብሎ ይመዘገባል።

ጥርጣሬ ሲከፈልበት

ይህን ሁሉ ስል ግን ጥርጣሬን እያመሰገንሁ አይደለም። ጥርጣሬ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ለዚህ ከናይጄሪያ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ደማችን መደፋቱ በታወቀበት በዚያው በ1996፣ በናይጄሪያ በካኖ ከተማ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ገብቶ ሳለ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ትሮቫን የሚባል መድኃኒት በሕፃናት ላይ ሞከረ። ወላጆች በሚገባ ሳይነገራቸው ተደረገ የሚለው ክስ ለዓመታት ቆይቶ በ2009 ኩባንያው ከካኖ ክፍለ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። በ2003 የፖሊዮ ጠብታ ሴቶችን ያመክናል የሚል ወሬ ሲነሣ ካኖ ዘመቻውን አቆመች፤ ለአንድ ዓመት ያህልም ቆመ። የተጎዳ ሕዝብ ነበርና ወሬው ለም መሬት አገኘ። ቫይረሱ ግን የተጎዳውንና የጎዳውን አይለይም። ከናይጄሪያ ተነሥቶ አገር ላገር እየተሻገረ በሱዳን በኩል በ2004 መጨረሻ ኢትዮጵያ ደረሰ። ኢትዮጵያ የራሷን የዱር ፖሊዮ በ2001 ካቆመች በኋላ ነው ይህ የሆነው። በካኖ ለተፈጸመው በደል እግሩን የከፈለው ስለ ትሮቫን ሰምቶ የማያውቅ የኢትዮጵያ ሕፃን ሆነ።

ስለዚህ በደሉን ማስታወስና ክትባቱን መቃወም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለ ደሙ ጉዳይ ተቃውሞ መውጣት መብትም ክብርም ነው። በዚያ ቂም ልጅን ሳያስከትቡ መቅረት ግን በዳዩን አይጎዳውም።

«ለአደጋ የተጋለጡ» ስለሚባሉት

ሌላ የሚተች ቃል አለ። የጤና ጽሑፎች «ለአደጋ የተጋለጡ ማኅበረሰቦች» ይላሉ። በ2013 በደዊኖች ነበሩ፣ በ2022 ሐሬዲም፣ በሌላ ጊዜ በሌላ በሽታ ስም እኛ። ቃሉ አደጋው ከሰዎቹ ባሕርይ የመጣ ያስመስለዋል። የሐሬዲም ረቢዎች የሚበዙት ክትባትን ይደግፋሉ። ብዙ ልጆች ያሏት እናት ክትባት ሳታስጨርስ የምትቀረው ሁልጊዜ በእምነት ምክንያት አይደለም፤ ቀጠሮ፣ ጊዜና ጉልበት በማጣትም ነው። በ2022 በኒውዮርክ በሮክላንድ ሽባ የሆነው ሰውም ያልተከተበ ወጣት ጎልማሳ ነበር፤ የቫይረሱ ዘር ከለንደንና ከኢየሩሳሌም አካባቢ ፍሳሽ ከተገኘው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ አደጋው አንድ ሰፈር ላይ ታስሮ የሚቀመጥ አይደለም።

የራሳችንም ቋንቋ ከትችት አያመልጥም። በአማርኛ በሽታው «የልጅነት ልምሻ» ይባላል። ድንቅ ስም ነው፤ የሰማ ሁሉ ምን እንደ ሆነ ወዲያው ይገባዋል። «ፖሊዮ» ብቻ ብሎ የሚተረጉም በራሪ ወረቀት ይህን ስም በመተው አንባቢውን ያጣል። ስሙ ግን ትልቅ ሰው የማይይዝ ያስመስላል፤ የሮክላንዱ ወጣት ይህ እንዳልሆነ አሳይቷል። በተጨማሪም ከወላጆቻችን ብዙዎቹ አማርኛ አያነቡም። ለእነርሱ የተተረጎመ ወረቀት ማለት የተዘጋ ደብዳቤ ማለት ነው። የሚያስፈልገው ድምፅ ነው፦ ሬዲዮ፣ አስተርጓሚ፣ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሰው። በ1998 የተመሠረተው ቴኔ ብሪኡት የተባለው ማኅበር ይህን ቀድሞ ተረድቶ በአማርኛ የጤና ትምህርትና በስልክ የማስተርጎም አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት ለሕሙማን በሚገባቸው ቋንቋ የማስረዳት ግዴታ አለባቸው ብሏል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም።

በመፈክሩ ፋንታ ምን ይባል? እኔ ብጻፈው እንዲህ እል ነበር፦ «ልጅዎ መርፌውን ስለወሰደ ከልምሻ ተጠብቋል። ጠብታው ደግሞ በሽታውን ወደ ሌላ ልጅ እንዳያሻግር ነው። በውስጡ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ አለ፤ ጉዳት የሚያደርሰው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ስለዚህም አስቀድመን መርፌውን እንሰጣለን። በቤትዎ በጠና የታመመ ሰው ካለ ይንገሩን። ጥያቄ ካለዎት እንጠብቅዎታለን።» ረዘም ይላል። ግን ነገ ከጎረቤት የሚሰማ ወሬ አያፈርሰውም።

ለአዲስ መጪ ቤተሰቦች

እስከዚያው ድረስ ግን መልእክቱ እስኪስተካከል ልጆቻችን አይጠብቁም። ዛሬ በእስራኤል የፖሊዮ መርፌ በ2፣ በ4፣ በ6ና በ12 ወር፣ ኋላም በሁለተኛ ክፍል ይሰጣል። ጠብታው በ6ና በ18 ወር ነው። በጢፓት ሐላቭ ክትባት ያለ ክፍያ ነው። ከኢትዮጵያ ያመጣችሁት የክትባት ካርድ ካለ አትጣሉት፤ ይዛችሁ ሂዱ። ከጠፋም ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የጎደለውን ነርሷ ታሟላለች። ክትባት በዚህ አገር በሕግ ግዴታ አይደለም። እንዲያውም ስለዚህ ነው ጥያቄ መጠየቅ የሚያስፈልገው፤ ውሳኔው የእናንተ ነውና።

ስትሄዱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ለምንድን ነው? ምን ሊያመጣ ይችላል? ቢቀርስ ምን ይሆናል? መልሱ በማይገባችሁ ቋንቋ ከመጣ አስተርጓሚ እስኪገኝ ተቀመጡ፤ በልጃችሁ አታስተርጉሙ። ነርሷ ብትቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። ጥርጣሬያችሁን በቤት ውስጥ ከመሸሸግ በነርሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ መልስ የሚያገኘው እዚያ ነው። ልጁ ግን ተከትቦ ይመለስ።